የተለቀመ ቲማቲም ይተነፍሳል? ከማሳ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ሕይወት

የሥልጠና ጽሑፍ፦ ድኅረ ምርት አያያዝ

ለማን፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና ድንች አምርተው ወደ አዲስ አበባ ለሚልኩ አርሶ አደሮች እና ለቀበሌ የልማት ሠራተኞች

የሥልጠናው ዓላማ፦ ሠልጣኞች አትክልት ከተለቀመ በኋላ በውስጡ ምን እንደሚካሄድ ተረድተው፣ በአለቃቀም፣ በአደራረቅ፣ በአጫጫንና በአከመቻቸት የሚደርሰውን ብክነት በራሳቸው አቅም እንዲቀንሱ ማስቻል።

መግቢያ

አርሶ አደር በምርት ወቅት የማይጠይቀው የለም። ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ተባዩ ይጠይቃል። ምርቱ ከተነሣ በኋላ ግን የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፤ እሱም «ዛሬ ዋጋው ስንት ገባ?» የሚለው ነው። ምርቱ እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ እንደምናየው ግን አትክልቱ ራሱ ገና ሥራ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያ ለረጅም ዓመታት ፒያሳ፣ አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ቦታው የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን መንገድ የሚመጣ ጭነት አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ከተማዋን አቋርጦ ነው እዚያ የሚደርሰው። ከሸዋ ሮቢት የተነሣ ሽንኩርትና ቲማቲም 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የተጫነ ድንች 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ሸራው ሲገለጥ በዓይኑ ለሚያየውና ሚዛን ላይ ለሚወጣው ነው።

ብዙ ጊዜ ትርፉ ሲያንስ ደላላውን እንወቅሳለን። ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ከሚዛኑ በፊት ፀሐይ፣ ንፋስና ቁስል የወሰዱብን ኪሎ አለ። ደላላ የወሰደብንንና ፀሐይ የወሰደብንን መለየት ካልቻልን ሁለቱንም መከላከል አንችልም። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በሥልጠና ላይ አርሶ አደሮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ምክንያቱን፣ ቀጥሎ የሚሠራውን አስቀምጠናል።

ጥያቄ 1፦ የተለቀመ ቲማቲም ሕይወት አለው ወይስ ሞቷል?

ሕይወት አለው። ከተክሉ ሲለይ የተቋረጠበት ምግብና ውሃ የሚመጣበት መንገድ ነው። ቲማቲሙ የተሠራባቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለሥራቸው ጉልበት ያስፈልጋቸዋልና ቲማቲሙ በውስጡ ካጠራቀመው ስኳር እየቀነሱ ይጠቀማሉ። ኦክስጅን ከአየር ይወስዳሉ፣ ስኳሩን ያቃጥላሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ያወጣሉ። ይህ አተነፋፈስ ይባላል። በእኛም ሰውነት የሚካሄደው ይኸው ነው።

በገጠር ቋንቋ ብንለው፣ ማሳ ላይ ያለ ቲማቲም በየቀኑ እህል የሚገባለት ጎተራ ነው። የተለቀመ ቲማቲም ደግሞ ምንም የማይገባለት፣ በየሰዓቱ ግን የሚጨለፍለት ጎተራ ነው። ጎተራው ሲጎድል ጣዕሙ ይቀንሳል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። የእኛ ድርሻ ጎተራው ቶሎ እንዳይጎድል ማድረግ ነው።

አትክልት የሚተነፍስ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ጠላ የሚጠምቁ እናቶችን ይጠይቅ። ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ረጥቦ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጅ ሲገባበት ይሞቃል። እሳት የነካው የለም፤ ሙቀቱ የሚመጣው እየበቀለ ያለው ገብስ በኃይል ከመተንፈሱ ነው። ጥቅል ጎመን ወይም ቃሪያ ከምራችሁ አሳድራችሁ ጠዋት መሐሉ ላይ እጃችሁን ብትከቱ ያንኑ ሙቀት ታገኙታላችሁ።

ምን እናድርግ? አትክልትን በትልቅ ክምር አታሳድሩ። ክምሩ መሐል ላይ ያለው ሙቀት መውጫ ያጣና አተነፋፈሱን ያፈጥነዋል። የፈጠነው አተነፋፈስ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። በአነስተኛ ክምር፣ አየር እንዲተላለፍ ከሥሩ እንጨት ወይም ጭራሮ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ 2፦ ለምን «በማለዳ ልቀሙ» ትሉናላችሁ?

አተነፋፈስ እንደ ሙቀቱ መጠን ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። በአብዛኛው አትክልት ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የአተነፋፈሱ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ሰዓት የቆየ ጎመን፣ በ20 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት የቆየ ያህል ያረጃል። ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የተውነው ክምር መኪናው ገና ሳይነሣ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ማለዳ የተለቀመ ምርት የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ የተለቀመ ግን የማሳውን ሙቀት በውስጡ ይዞ ይጫናል፤ ያ ሙቀት ከጭነቱ መሐል በቀላሉ አይወጣም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጤዛ ያለበትን ቲማቲም ወይም ቃሪያ ለቅማችሁ ወዲያው ሣጥን ውስጥ አትዝጉ። እርጥበቱ ለሻጋታ ይመቻል። ጤዛው እስኪነሣ ጠብቁ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጨርሱ። ቀይ ሽንኩርት በእርጥበት ላይ ፈጽሞ አይነሣም፤ ምክንያቱን በጥያቄ 6 እናየዋለን።

ምን እናድርግ? መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ፤ ለቀማውን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ። ማሳው ዳር ዛፍ ከሌለ በአራት እንጨትና በሣር ክዳን ጥላ ሥሩ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለብዙ ወቅት ያገለግላል።

ጥያቄ 3፦ ጎመኑ የጎደለው ክብደት የት ሄደ?

ወደ አየር። ከጥቅል ጎመን ክብደት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ቲማቲምም እንደዚሁ ነው። የቅጠል ገጽ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ተክሉ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው በእነዚህ ነው። አየሩ ሲወጣ የውሃ እንፋሎት ይዞ ይወጣል። ተክሉ ማሳ ላይ እያለ ሥሩ ውሃ ስለሚያመጣለት የወጣው ይተካል። ከተቆረጠ በኋላ ግን የሚተካ የለም።

ውሃ በሕዋሳቱ ውስጥ ልክ በተነፋ ኳስ ውስጥ እንዳለ አየር ነው። ሲሞላ ቅጠሉ ጠንክሮ ይቆማል፤ ሲጎድል ይጠወልጋል። ብዙዎቹ አትክልቶች ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲያጡ ለገዢ ዓይን የማይስቡ ይሆናሉ። ሰላጣና ቆስጣን የመሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ከዚያም ባነሰ ይጠወልጋሉ።

በቁጥር እንየው። 30 ኩንታል ጥቅል ጎመን 3,000 ኪሎ ነው። ከዚህ 5 በመቶ ብቻ ውሃ ሆኖ ቢጠፋ 150 ኪሎ ነው። የዕለቱን የኪሎ ዋጋ በ150 አባዙት። ያ ገንዘብ ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይበላው በመንገድ ላይ የቀረ ነው። በዚያ ላይ የጠወለገው ጎመን በኪሎም ዝቅ ብሎ ነው የሚሸጠው፤ ኪሳራው በሁለት በኩል ይሆናል።

ውሃውን የሚወስዱት ሦስት ነገሮች ሙቀት፣ ደረቅ አየርና ንፋስ ናቸው። ያልተሸፈነ መኪና ሲሮጥ ሦስቱም ይሰበሰባሉ። ለዚህ ሸራ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሁሉን ነገር ድፍን አድርጎ በላስቲክ መጠቅለል ሌላ ችግር ያመጣል። ከሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሞቆ የተነሣ ጭነት፣ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ከብርድ ጋር ይገናኛል። ከጭነቱ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ላስቲክ ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጥና ተመልሶ ምርቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ላስቲኩ ሲገለጥ ከላይ ያለው ሽንኩርት እርጥብ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናብ ሳይነካው ዝናብ የመታው ይመስላል።

ምን እናድርግ? ሸራው ከላይ ይሁን፣ ምርቱን ግን አይንካ፤ በመሐሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፣ በጎንና በኋላም ይተንፍስ። ጥቅል ጎመን ሲነሣ የውጭውን ሁለት ሦስት ቅጠል አትግፈፉ፤ እስከ ገበያ ድረስ ልብሱ ነው። ቅጠላ ቅጠል ላይ ንጹሕ ውሃ መርጨት ይረዳል። ሽንኩርትና ድንች ላይ ግን ውሃ አይረጭም።

በጊዜያዊነት ምርት ለማቆየት የእንስራን ጥበብ መጠቀም ይቻላል። የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በገላው ላይ የሚያልበው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በሁለት ረድፍ ጡብ መሐል አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን በየዕለቱ እያረጠቡ፣ ከላይ በእርጥብ ጆንያ ወይም በሣር የሚሸፈን ማቆያ መሥራት ይቻላል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት በደንብ ይሠራል። በዚህ ውስጥ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ይቀመጣል፤ ሽንኩርት አይገባም።

ጥያቄ 4፦ አረንጓዴ የጫንኩት ቲማቲም ቀልቶ የደረሰው እንዴት ነው?

ቲማቲም ራሱን በራሱ የሚያበስልበት ጋዝ ያመነጫል። ስሙ ኤቲሊን ይባላል። አይታይም፤ ቲማቲሙ በሚያወጣው መጠን ሽታውም አይታወቅም። ነገር ግን በጣም ጥቂቱ ይበቃል፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ የሚሆን በአየር ውስጥ ቢገኝ እንኳ ሥራውን ይሠራል። ኤቲሊን ሲደርሰው ቲማቲሙ አረንጓዴ ቀለሙን ያፈርሳል፣ ቀዩን ይሠራል፣ ይለሰልሳል፣ ተጨማሪ ኤቲሊንም ያወጣል። ስለዚህ አንዱ ሲበስል ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል።

ይህን ጋዝ ሰዎች ያወቁት በአጋጣሚ ነው። በአውሮፓ ከተሞች መንገድ የሚበራው በጋዝ በነበረበት ዘመን፣ ቧንቧው በሚያፈስበት አካባቢ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸው ያለ ጊዜው ይረግፍ ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ ችግሩን የሚያመጣው በመብራት ጋዙ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን በአተር ቡቃያ ላይ ሞክሮ አሳየ። በ1934 እ.ኤ.አ ደግሞ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ የሚበስል ፍሬ ይህንኑ ጋዝ ራሱ እንደሚሠራ አረጋገጠ። የእኛ እናቶች ደግሞ ያልበሰለ አቮካዶ ወይም ማንጎ በዱቄት ወይም በእህል ውስጥ ቀብረው ያበስላሉ። ዱቄቱ የሚያደርገው ፍሬው ያወጣውን ኤቲሊን እዚያው አፍኖ ማቆየት ነው።

ሁሉም ፍሬ ግን እንዲህ አይደለም። ቲማቲም፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ከተለቀሙ በኋላ ይበስላሉ። ብርቱካን፣ ሎሚና ሐብሐብ ግን ከተለቀሙ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምሩም፤ ሳይደርሱ ከተለቀሙ እንደዚያው ይቀራሉ።

ቲማቲምም ቢሆን ከተለቀመ በኋላ የሚበስለው ለአካለ መጠን ደርሶ ከተለቀመ ብቻ ነው። ለማወቅ አንድ አረንጓዴ ቲማቲም በሹል ቢላዋ በመሐሉ ቁረጡ። ዘሩ አብሮ ከተቆረጠ ገና ነው፤ ቢጫንም በትክክል አይቀላም። ዘሩ ቅርፊት በመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ከቢላዋው ፊት ሸሽቶ ካመለጠ ደርሷል። ለሩቅ ገበያ የሚመረጠው የደረሰ አረንጓዴ፣ ወይም ከታች በኩል ሮዝ ቀለም ማሳየት የጀመረው ነው።

«የእኔ ቲማቲም ቀይ ሳይሆን ቢጫ ሆኖ ለምን በሰለ?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቲማቲም ቀዩን ቀለም መሥራት ያቅተዋል፤ ቢጫውን ግን ይሠራል። ስለዚህ በቆላ ያለ አርሶ አደር ለቅሞ በጥላ ካላቆየው ገዢው «ቀለሙ ደካማ ነው» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል።

ምን እናድርግ? የበሰለውን ከአረንጓዴው ለዩ፤ በአንድ ሣጥን አትቀላቅሉ። በአንድ መኪናም ሙዝ ወይም የበሰለ ቲማቲም ከጥቅል ጎመን፣ ከሰላጣና ከካሮት ጋር አይጫን፤ ኤቲሊን ጎመኑንና ሰላጣውን ያረጀዋል፣ ካሮቱን ያመርረዋል። ፍሬ ለማብሰል ካርባይድ መጠቀም ደግሞ በፍጹም አይመከርም። ከካርባይዱ ጋር ለጤና ጎጂ የሆኑ ቅሪቶች ሊመጡ ይችላሉ፤ የሚያወጣውም ጋዝ በእሳት የሚቀጣጠል ነው።

ጥያቄ 5፦ አንዱ ቲማቲም በስብሶ ሣጥኑን ሁሉ የሚያበላሸው ለምንድን ነው?

የቲማቲም ልጣጭ እንደ ሰው ቆዳ አጥር ነው። የሻጋታ ብናኝና ባክቴሪያ በአየሩም፣ በአፈሩም፣ በእጃችንም ላይ ሁልጊዜ አሉ። አጥሩ እስካልተሰበረ ድረስ ብዙዎቹ መግባት አይችሉም። ጥፍር ሲጭረው፣ የሣጥኑ ሚስማር ሲወጋው፣ ከላይ ሲወረወርበት ግን በሩ ይከፈታል።

የገባው ተህዋስ የሕዋሳቱን ግድግዳ እርስ በርስ የሚያጣብቀውን ፔክቲን የተባለ ነገር የሚያሟሟ ኢንዛይም ያወጣል። ቤት ሲሠራ ጭቃው ቢሟሟ ድንጋዩ እንደሚፈርስ፣ የቲማቲሙም ሥጋ እንዲሁ ይፈርሳል፤ ውሃ ሆኖ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ውሃ በሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ይዞ ከሥር ያሉትን ያረጥባል። በዚያ ላይ የቆሰለ ቲማቲም ከጤነኛው ይበልጥ ይተነፍሳል፣ ኤቲሊንም ይጨምራል። ጉዳቱ በዚህ ሁሉ መንገድ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ላይ አይታይም። የተቀጠቀጠ ቲማቲም በዚያው ሰዓት ጤነኛ ይመስላል፤ የሚለሰልሰው በማግሥቱ፣ ገዢው ፊት ነው።

ምን እናድርግ? ጥፍር ቁረጡ። ወደ ሣጥን አትወርውሩ፣ አስቀምጡ። የእንጨት ሣጥን ከሆነ የወጣ ሚስማር ምቱ፣ ሻካራውን ጎን በወረቀት ወይም በሣር ሸፍኑ። ከአፉ በላይ አትሙሉ፤ በላዩ ሌላ ሣጥን ሲጫን ከፍ ያለው ይጨፈለቃል። የቆሰለውን እዚያው ማሳ ላይ ለዩና ለቤት ወይም ለቅርብ ገበያ አውሉት። ምርት በቆሸሸ የወንዝ ውሃ አትጠቡ፤ ውሃው የሚያወጣው አፈር ነው፣ የሚያስገባው ግን በሽታ ነው።

ጥያቄ 6፦ ሽንኩርት መድረቅ ሲፈልግ ድንች ለምን ጨለማና እርጥበት ይፈልጋል?

ሁለቱም የተክሉ የክፉ ቀን ስንቅ ናቸው። ተክሉ ምግቡን አጠራቅሞ፣ ለጊዜው ተኝቶ፣ በሚመጣው ወቅት ለመብቀል ያዘጋጃቸው ናቸው። ነገር ግን አንዱ የታጠፈ ቅጠል ነው፤ ሌላው የወፈረ ግንድ ነው። ስለዚህ በራቸውን የሚዘጉበት መንገድ ይለያያል።

ሽንኩርት ክፍት በሩ አንገቱ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ አንገቱ ይጣበቃል፤ የውጭው ልብሱም ደርቆ እንደ ወረቀት ይሆናል። አንገቱ ያልደረቀ ሽንኩርት ከተጫነ ሻጋታው በዚያ ገብቶ ከመሐል ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ውሃ ይቋረጣል። ከማሳው ግማሽ በላይ የሆነው ሽንኩርት ቅጠሉ በራሱ ሲተኛ ይነቀላል። ከዚያ የአንዱ ቅጠል የሌላውን ራስ እየሸፈነ ተደርድሮ ይደርቃል፤ ራሱ በቀጥታ ፀሐይ እንዳይቃጠል ነው። አንገቱ በጣት ሲታሽ እርጥበት የሌለው ሲሆን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ መቁረጥ ይቻላል። አስጠግቶ መቁረጥ የተዘጋውን በር መልሶ መክፈት ነው።

ድንች ግን ሕያው ቆዳ አለው፤ ቁስሉን ራሱ ይፈውሳል። ዶማ የጫረው ቦታ ላይ እንደ ቡሽ ያለ አዲስ ሽፋን ይሠራል። ለዚህ ሥራ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት፣ እርጥብ አየርና ጨለማ ይፈልጋል። በፀሐይ ከደረቀ ቁስሉ ሳይድን ይቀራል። ከመቆፈሩ 2 ሳምንት ገደማ በፊት አገዳው ከተቆረጠም ልጣጩ መሬት ውስጥ ሆኖ ይጠነክራል። በአውራ ጣት ስትገፉት ልጣጩ የሚላጥ ድንች ለመንገድ አልደረሰም።

ምን እናድርግ? ሽንኩርትና ድንች በአንድ ቤት፣ በአንድ ክምር አታስቀምጡ። ለአንዱ የሚመቸው ለሌላው አይመችም።

ጥያቄ 7፦ አረንጓዴ የሆነ ድንች ይበላል?

አይበላም። ይህ ጥያቄ የዋጋ ብቻ ሳይሆን የጤና ነው።

ድንች ግንድ በመሆኑ ብርሃን ሲያገኝ እንደ ማንኛውም ግንድ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ክሎሮፊል ነው፤ እሱ ራሱ አይጎዳም። ነገር ግን ያው ብርሃን ድንቹ ሶላኒን የተባለ መርዝ እንዲያበዛ ያደርገዋል። ተክሉ ይህን የሚሠራው ራሱን ከሚበሉት ለመከላከል ነው። የሚመር ጣዕም አለው፤ ሆድ ቁርጠትና ትውከት ያመጣል፤ መቀቀልና መጥበስም አያጠፋውም። ልጆች በቀላሉ ይጎዳሉ። ገበያ ያልወጣውን አረንጓዴ ድንች «ለቤት ይሆናል» ብሎ ማስቀረት የተለመደ ነውና እናቶችም አባቶችም ይህን ልብ ይበሉ። በሰፊው አረንጓዴ የሆነውን፣ የመረረውን አስወግዱ። ያጎነቆለ ከሆነ ጎንቁሉና ዓይኑ በጥልቀት ተቆርጦ ይጣል።

ለዘር የሚቀመጥ ድንች ግን ሌላ ነው። ለዘር የሚሆነውን ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት፣ ነገር ግን ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ በስሱ መደርደር ይመከራል። እዚያ አረንጓዴ መሆኑ ይጠቅመዋል፤ ጎንቁሉም አጭርና ጠንካራ ይሆናል። በጨለማ የቆየ ዘር ግን ብርሃን ፍለጋ ረጅምና ነጭ ጎንቁል ያወጣል፤ ሲተከልም ይሰበራል።

በአጭሩ፦ የሚበላው በጨለማ፣ የሚተከለው በብርሃን። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

በማሠልጠኛ ማዕከል የሚሠሩ ሙከራዎች

1. የክብደት ሙከራ። 10 ጥቅል ጎመን ማለዳ ልቀሙ። 5ቱን መዝናችሁ ፀሐይ ላይ፣ 5ቱን መዝናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ሁሉንም መዝኑ። ልዩነቱን በዕለቱ ዋጋ አባዝታችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

2. የኤቲሊን ሙከራ። የደረሱ አረንጓዴ ቲማቲሞች ምረጡ። 2ቱን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት፣ 2ቱን ለብቻ በሌላ ከረጢት ዝጉ። ለ5 ቀን በየዕለቱ እየከፈታችሁ ቀለማቸውን አነጻጽሩ።

3. የቢላዋ ሙከራ። ከተለያየ ማሳ የመጡ አረንጓዴ ቲማቲሞችን ቆርጣችሁ የደረሰውንና ያልደረሰውን በዘሩ ለዩ።

4. የብርሃን ሙከራ። 2 ድንች በጨለማ፣ 2 ድንች በመስኮት ዳር ለ10 ቀን አስቀምጡ። ልጣጩን ላጥ አድርጋችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። አትቅመሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችን ለቀማ የሚጀመረው በስንት ሰዓት ነው? መኪናውስ የሚነሣው? በመሐሉ ምርቱ የት ይቆያል?

ለ. ባለፈው ወቅት ገዢ የመለሰብን ወይም ዋጋ የቀነሰብን ምርት ምክንያቱ ከሰባቱ ጥያቄዎች በየትኛው ይመለሳል?

ሐ. በጋራ አንድ የማሳ ዳር ጥላ፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት የፕላስቲክ ሣጥኖች ለመግዛት ስንት ቤተሰብ መሰባሰብ አለበት?

ከሥልጠናው በኋላ የሚሠራ

በሚቀጥለው ጭነት እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ወረቀት ይያዝ። ማሳ ላይ ምርቱ ሲጫን የተመዘነውን ክብደትና ሰዓቱን ይጻፍ። ሀይሌ ጋርመንት ሲራገፍ የወጣውን ክብደት፣ ሰዓቱንና ተለይቶ የተጣለውን መጠን ከሥሩ ይጻፍ። ራሱ የማይሄድ ከሆነ ከጭነቱ ጋር የሚሄደው ሰው ይጻፍለት። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። የሁለቱ ክብደቶች ልዩነት ውሃ የሆነውንና የበሰበሰውን ይነግረናል፤ እሱን በጥላ፣ በሣጥንና በሰዓት እንከላከለዋለን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የሚዛንና የዋጋ ጉዳይ ነው፤ በእሱም ላይ ከነጋዴው ጋር የምንነጋገረው ቁጥር ይዘን ይሆናል።